የጋሼ ሰይድ ሠዓሊ፦ ከሬጃይና ካልጋሪ ደርሶ መልስ

ሐሙስ፤ መነሻ

በሐምሌ ሥራ የለኝም። የምነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔም እዘጋለሁ። ባለቤቴ ግርማ በር ላይ ቆሞ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ከምትነጂ በስልክ ብትነግሪው ምናለበት አለኝ። በስልክማ ስነግረው ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ "እሺ እቴቴ" ይልና ይዘጋዋል ብዬ ሻንጣዬን መኪናው ውስጥ ወረወርኩ። የምሄደው ካልጋሪ፣ ታናሽ ወንድሜ ዮሴፍ ዘንድ ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ቶሮንቶ የተገኘለትን ሥራ እሺ እንዲል ማድረግ።

ዮሴፍ ሠዓሊ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሥዕል ልማር ሲል "ሥዕል ደግሞ ምን ሥራ ነው?" ያለኝን ዘመድ ሁሉ አፉን ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። አሁን ትልልቅ ሆቴሎችን የሚያስጌጥ አንድ የቶሮንቶ ድርጅት ሥራውን ኢንተርኔት ላይ አይቶ ና ብሎታል፤ ቋሚ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉ ነገር። መልሱን የሚጠብቁት እስከ ሰኞ ነው። እሱ ግን ጋሼ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው የገዙትን አሮጌ የትራክ ጋራዥ የሠርግ አዳራሽ አደርጋለሁ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀብሯል። ጋራዥ! አሁን ይሄ ለሰው ይወራል?

መነሳቴን ስነግረው ስልኬ ላይ አንድ ነገር ላከልኝ። "መንገድ ላይ ይህን ስሚ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ተናገሪኝ" ይላል። ከላይብረሪ የሚወርድ፣ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት ነው። በህዳሴው ዘመን ጣሊያን ውስጥ የአንድ መስፍን ሠዓሊም አርክቴክትም ስለነበረ ሰው ያወራል። ዮሴፍ የዚህን ሰው ስም ጠርቶት አያውቅም፤ "ሰውዬው" ነው የሚለው፣ እታች ቤት የሚኖር ጎረቤቱ ይመስል። ሰውዬው እንዲህ አደረገ፣ ሰውዬው እንዲያ አለ፣ ስንት ዓመት ሰልችቶኛል። ቢሆንም ስምንት ሰዓት ሙሉ ከራሴ ጋር ከምጨቃጨቅ ብዬ ከፈትኩት።

ሀይዌይ አንድ ላይ

ሙስ ጆ መግቢያ ላይ ያለውን፣ ሙስ የሚሉትን የትልቅ አጋዘን ሐውልት ሳልፍ ሰውዬው ገና ልጅ ነበር። ሮም ተወለደ፣ በልጅነቱ በዘመኑ አለ ከሚባለው ሠዓሊ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ፣ ከተማሪዎቹም ሁሉ ጌታው የሚወደው እሱን ሆነ። በግራም በቀኝም ካኖላ የሚሉት የዘይት እህል አብቦ ቢጫው ዓይን ይወጋል። ከፊቴ የጭነት ባቡር ይሄዳል፤ ጭራውን ትቼው ብነዳ ብነዳ ራሱ ጋ አልደርስም።

ስዊፍት ከረንት ላይ ቤንዚን ሞላሁ። ከቤት ይዤው ከመጣሁት ሣህን ሙሉ ቋንጣ ፍርፍር ጋር አንዲት ጥላ ያላት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከውስጥ የገዛሁት ሻይ ሦስት ዶላር ከሰላሳ፣ ያውም ለብ ያለ። ገንዘብ የሚቀበለው ባለጥምጥሙ ሰውዬ ወዴት ነሽ አለኝ። ካልጋሪ ስለው መኪናሽን ጣሪያ ሥር አቁሚ፣ እዚያ በዚህ ወር የሚጥለው በረዶ መስታወት ያረግፋል ብሎ መከረኝ። የራሱን መኪና ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ ጣሪያ ወደ ደጅ አውጥቶ አሳየኝ። ተሳስቀን ተለያየን።

ከዚያ ወዲያ ታሪኩ እየያዘኝ መጣ፤ ምን ይደበቃል። ጌታው በወጣትነቱ ሞተ። ሥራ ቤቱን ለሰውዬውና ለአንድ ጓደኛው አወረሳቸው፤ ያላለቀውንም ሥዕል ሁሉ እነሱ ጨረሱ። ግን ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት የሚስለው በሌላ ሰው ስም ነው። የራሱ የሆነ ነገር የለውም። ኋላ ማንቱዋ ከምትባል፣ በሐይቅ ከተከበበች ትንሽ ከተማ መስፍኑ አስጠራው። ሄደ። ሮምን የሚያህል አገር ጥሎ! እኔ ሳላስበው ጮክ ብዬ "አይ ሞኝ!" አልኩት፣ መሪዬን ይዤ ብቻዬን።

ሜዲስን ሃት ላይ እግሬን ላፍታታ ወረድኩ፤ ሙቀቱ ለጉድ ነው። ተመልሼ ስገባ መስፍኑ ለሰውዬው ቤትና ልብስ ሰጥቶ፣ ከራሱ ፈረሶች አንዱን አስጭኖለት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የፈረስ ጋጣ ይዞት ሄደ። እዚህ አልፎ አልፎ መጥቼ ራት የምበላባት ትንሽ ቦታ ብትሠራልኝ አለው፤ የድሮውን ግድግዳ ግን አታፍርስብኝ። ሰውዬው ያንን የጋጣ ግድግዳ ሳያፈርስ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያየው ቤተ መንግሥት አደረገው። ድንጋይ በሌለበት አገር ጡቡን ለስኖ ድንጋይ አስመሰለው። መስፍኑ ፈረስ ስለሚወድ የፈረሶቹን መልክ አንድ በአንድ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሳለለት።

የፈረስ ጋጣ። አሃ! ዮሴፍ ለምን እንደላከልኝ ያኔ ገባኝ። ተንኮለኛ።

ከብሩክስ እስከ ስትራትሞር ድረስ ሰውዬው ያልሠራው የለም። የከተማውን መንገድ አስነጠፈ፣ የውኃ መውረጃ አስተካከለ፣ የዓሣ መሸጫ ሠራ፣ የመስፍኑን ሣህንና ማንኪያ ሳይቀር ነደፈ፣ እንግዳ ሲመጣ ከተማዋን አስጌጠ፣ ለራሱም ቤት ሠራ። መጨረሻው ግን እኔ የፈለግኩት ዓይነት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሮም ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ና ምራልን ብላ ጠራችው። ሚስቱም ጌቶቹም አትሄድም አሉት። ልቡ ወዲያ ወዲህ ሲል ሞት ቀደመው። "ይኸው!" አልኩ። ለወንድሜ የምነግረው ነገር በእጄ ገባ። ካልጋሪ ስገባ ተራሮቹ ከሩቅ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እዘፍናለሁ።

ሐሙስ ማታ፤ ሞንተሬይ ፓርክ

ዮሴፍ የሚኖረው ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ የአንድ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይቶ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ እኔ አጭሯ እንኳ ሳላስበው አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። ጢሙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ደርቆበታል። አቅፎኝ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ ፈረሶቹ ጋ ደርሰሻል ወይ ነው። ሁሉን ጨርሻለሁ፣ መሞቱንም ሰምቻለሁ አልኩት። ሳቀና ፓስታውን አቀረበ። ስለ ቶሮንቶ ሳነሳ፣ ነገ አዳራሹን ሳታዪ አንድም ነገር አንነጋገርም አለ። እሺ አልኩ፤ ደክሞኝ ስለነበር እንጂ እኔ በቀላሉ እሺ የምል ሰው ሆኜ አይደለም።

ዓርብ፤ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል

ጠዋት ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ፓርክ አድርገን ሳምቡሳ ገዛን፤ አንዱ ሁለት ዶላር ነው፣ ምስሩ ግን እስከ ጥግ የተሞላ። ባለ ሱቋ ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ የጣሉ እትዬ ናቸው። እህቱ መሆኔን ሲሰሙ ገንዘቤን መለሱልኝ፤ የልጄ ሠርግ ነገ እዚያ አዳራሹ ውስጥ ነው፣ ይሄ ልጅ መጥሪያ ወረቀቱን ሳይቀር በእጁ ነው የሳለልን አሉ። ከዚያ ወደ ዮሴፍ ዞር ብለው፣ ለመሆኑ እውነት ነው ቶሮንቶ ልትሄድ ነው የሚሉት ብለው ጠየቁት። ዮሴፍ የመኪናውን ቁልፍ መፈለግ ጀመረ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።

ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል መጋዘንና ትራክ ብቻ ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ዛፍ የሚባል የለበት፣ በየበሩ የዕቃ መጫኛ የእንጨት ፓሌት ተከምሯል። እዚህ ሙሽራ ይመጣል? አልኩ በሆዴ። ጋራዡ ከውጭ ሲያዩት ያው ጋራዥ ነው፤ ሦስቱ ረጃጅም በሮቹ ብቻ ቅስት ወጥቶላቸዋል። ገባን። ከበሩ በስተቀኝ ጥሩ የነሐስ መስቀያዎች በተርታ ተተክለዋል። ቦርሳዬን አንዱ ላይ ሰቀልኩ። ቦርሳዬ መሬት ወደቀ፤ ሊፒስቲኬ፣ መነጽሬ፣ የተረፈኝ ሳምቡሳ ሁሉ ተበተነ። መስቀያው ሥዕል ነው! ዮሴፍ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም በንዴት ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ግድግዳ። ጥላው ሳይቀር አለ እኮ።

ከዚያ ቀና አልኩ። ትራክ የሚነሳባቸው የነበሩት የብረት ዓምዶች እብነ በረድ ሆነዋል፤ ቀረብ ብዬ በጥፍሬ ካልነካሁ አላምንም። ጣሪያው ተከፍቶ ሰማይ ይታያል፣ የክረምት መውጫ ሰማይ። ዙሪያውን ከፍ ብሎ ደግሞ፣ ከጀርባቸው ተራራና ሐይቅ ያለ፣ ስድስት ትራኮች ጠርዝ ላይ ቆመዋል። በየሥራቸው ስማቸው ተጽፏል፤ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ውጫሌ፣ መርሳ። አንዱ የተሰነጠቀ መብራት አለው፣ አንዱ ጭቃ ነክቶታል፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊት ያላቸው ይመስላሉ።

ጋሼ ሰይድ መሰላል ይዘው ከወዲያ በኩል መጡ። ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ ግን ገና እንደ ሹፌር ነው የሚራመዱት፣ ክንዳቸውን ከፈት አድርገው። ትራኮቹ እሳቸውና ሹፌሮቻቸው ሲነዷቸው የኖሩ ናቸው። ለምን ትራክ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ይሄ አዳራሽ ዛሬ ሙስሊም ይዳርበታል፣ በሳምንቱ ክርስቲያን፣ የማንም አባት ገብቶ ፊቱን የሚያዞርበት ሥዕል አልፈልግም አሉኝ። ሰው እንዳይሳል፣ መልአክም እንዳይሳል፣ እንስሳም እንዳይሳል ደንብ አወጡ። ዮሴፍ ሁለት ወር ምን ልሣል ብሎ ሲጨነቅ ከርሞ፣ አንድ ቀን የመስፍኑን ፈረሶች ነገራቸው። "እኔ ፈረስ የለኝም" አሉት። "ያለኝ እነዚህ ናቸው" ብለው ደጅ የቆሙትን ትራኮች አሳዩት።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ተጣላን። ቆንጆ ነው፣ አልካድኩም። ግን ይሄን ማን ያየዋል አልኩት፤ ሰውዬህ እንኳ ሮም ስትጠራው ሲያመነታ ሞተ፣ አንተም እንደሱ ልትሆን ነው ወይ? ዮሴፍም፣ ሰውዬው የሞተው እኮ ራሱ በሠራው ቤት፣ የእሱ እጅ ያልነካው መንገድ በሌለበት ከተማ ነው አለኝ። እኔ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እሱ "እሺ እቴቴ" አለ። ይሄ "እሺ እቴቴ" ነው የሚገድለኝ።

ቅዳሜ፤ ሠርግ

የሳምቡሳዋን እትዬ ልጅ ሠርግ ሳልጠራ ተጠራሁ፤ እትዬ እምቢ ብል አይለቁኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ጃኬቱን መስቀል ነው፤ ጃኬቱ ይወድቃል። ሁሉም ይወድቅለታል! አንድ ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ሦስቴ ሰቀለ፣ ሦስቴ ወደቀበት፤ አራተኛ ከመሞከሩ በፊት ሚስቱ ጎተተችው። ልጆች ዳር ላይ ተደርድረው ቀጣዩን ሰው ይጠብቃሉ። ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ሕዝቡ በሳቅ ተዋውቆ አለቀ።

የሙሽሮቹ መቀመጫ፣ የኬኩ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለው ምልክት ሳይቀር የዮሴፍ እጅ አለበት። ሙሽራዋ ስትገባ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። እኔም እንደ ዘመድ ወጥቼ ጨፈርኩ፤ ማታ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ።

ጭፈራው መሐል ግን አንድ ነገር አየሁ። የሙሽራው አባት፣ ረጅም ዝምተኛ ሰው፣ ከሰው ነጠል ብለው ኮምቦልቻ የሚል የተጻፈበት ትራክ ሥር ቆመዋል። ለጋሼ ሰይድ ያችን ትራክ ሃያ ዓመት የነዷት እሳቸው ናቸው፤ አጠገቤ የነበረችው ሴት ነገረችኝ። የተሰነጠቀውን መብራት ሽቅብ እያዩ ለልጃቸው የሆነ ነገር ያስረዳሉ፤ የት እንደተሰነጠቀ ይሆናል። ሙሽራው በነጭ ሱፉ ቆሞ ይሰማል። ከዚያ አባትየው ካሜራ ያለውን ሰው ጠርተው፣ እኔና ልጄን ከእሷ ጋር አንሳን አሉ። አንጀቴን በሉት። ዮሴፍ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። እንዲህ ያለ ፊት ካየሁበት ቆይቻለሁ፤ ግን አሁንም ቶሮንቶን ከልቤ አላወጣሁም። እኔ ያሳደግኩት ልጅ ለትልቅ ቦታ ነው።

እሑድ፤ ሽማግሌዎቹ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤዝመንቱ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሐጂ ሙስጠፋ የሚባሉ በጣም ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላቸው ቀሲስ አባይነህ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፤ ሦስተኛው ትናንት ያየኋቸው የሙሽራው አባት። እንግዳ መጣ ብዬ ደስ አለኝና ግቡ፣ ተቀመጡ አልኩ። ገቡ፤ አልተቀመጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሐጂ ሙስጠፋ ጣሪያው አላስቆም ብሏቸው አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለዋል። እንደገና ተቀመጡ ብላቸው፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ።

ክው አልኩ። ይሄን ቆሞ መቅረት አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ሴት ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም። ዘወር ብዬ ዮሴፍን ፈለግሁት፤ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቷል።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። "ወይዘሮ ሰናይት፣ የመጣነው ለበጎ ነው። እንደ ወጉ የሚጠየቀው ሴት ልጅ ነበር፤ ዘንድሮ ወንድ ሆነብን። ጋሼ ሰይድ ወንድምዎን እንዲሰጧቸው ልከውናል። ካልጋሪ እንዲቀር።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ ሰይድ ዮሴፍን ቅርልኝ ሲሉት፣ ዮሴፍ እናቴም አባቴም እህቴ ናት፣ የምትወስነው እሷ ናት ብሎ ይመልስላቸዋል። እሳቸውም እንግዲህ እንዲህ ያለው ነገር የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው ብለው ሰው ላኩ። በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ መኪናቸው ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ላኪ አብሮ አይመጣምና መሪያቸውን ይዘው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኩ። እንዲህ ሆኖ ከመጣ እኔም እንደ ልጅ ወላጅ ነው የምመልሰው።

"ልጃችን ገና ነው" አልኩ። "ደግሞም ታጭቷል። ቶሮንቶ።"

ቀሲስ አባይነህ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሐጂ ግን አልሳቁም። "ቀለበት አስሯል?"

"አላሰረም። ነገ ነው።"

"እንግዲያውስ ደርሰናል።"

በወጉ መሠረት ዘመድ ሰብስበን እንምከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ልላቸው ይገባ ነበር። ያልኩትም ይህንኑ ነው። ሐጂ በዘነበለ አንገታቸው አዩኝና፣ ሰዓቱ ካልፈቀደ ቀጠሮው ቢያጥርስ አሉ። ተከራክረን ሁለት ሳምንቱን ወደ አንድ ሰዓት አወረድነው። ወጡና ከጋሼ ሰይድ ጋር መኪና ውስጥ ተደራርበው ተቀመጡ። እኔ መኝታ ቤቱን ከፈትኩ። ዮሴፍ በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ኖሮ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልመክረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"እቴቴ፣ ቶሮንቶ የሚሰጡኝ ሥራ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ደመወዙን ነግረኸኛል።"

"ደመወዙን ነው የጠየቅሽኝ። ሥራው ሌላ ሰው የነደፈውን መቀባት ነው። ደመና ጥሩ አድርጌ ስለምሥል ነው የፈለጉኝ። ሆቴል በሄድኩ ቁጥር ያንኑ ደመና እሥላለሁ።"

ታዲያ ይሄን ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። አንገቱን ደፋ። አንቺ ደክመሽብኛል፣ ትልቅ ቦታ ልታዪኝ ትፈልጊያለሽ፣ እምቢ ስልሽ ድምፅሽ ሲከፋው እንዳልሰማ ብዬ ነው አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ጣቶቹን ሲቆጥር ያው እናታችን የተወችልኝ ልጅ ነው። ስንት ጊዜ ነው የነገርኩት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁትም።

"በል አሁን ጠየቅሁህ" አልኩ። "ምን ትፈልጋለህ?"

እዚህ ሁሉም ነገር ከእጄ ይወጣል አለ፤ ዕቅዱም፣ ሥዕሉም፣ መቀመጫውም። ቀጥሎ ጋሼ ሰይድ ደጁን የአትክልት ቦታ ሊያደርጉት ነው፣ ከዚያ አጠገቡ ላለው መስጊድ አጥር ንደፍልን ብለውኛል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የሚሣል የልጆች ክፍል አለው። እያወራ እጁ በአየር ላይ መሥመር ያሰምራል። ልቆይ እፈልጋለሁ አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቆጨኝ፤ የሰውዬውን ከተማ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ሁሉንም ከስክሪን ላይ ነው የተማርኩት።"

ሰዓቱ ሲሞላ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አሁንም ቆሙ። ሐጂ አንገታቸውን በሌላ በኩል አዘነበሉት፤ ያኛው ደክሟቸው ይሆናል። የልጅ ወላጅ ያለ ቅድመ ሁኔታ አይሰጥም፤ እኔም አልሰጠሁም። አንደኛ፣ ሥራው በኮንትራት እንዲሆን። ሁለተኛ፣ የሌላ ሰው ሥራ ሲመጣለት እንዳይከለከል፤ ያኛው መስፍን ሠዓሊውን አስሮ አስቀርቶታል፣ እኔ የሚታሰር ወንድም የለኝም። ሦስተኛ ጥሎሽ አለ አልኩ፤ ማንቱዋ የምትባል ከተማ ደርሶ እንዲመለስ ይላክልኝ።

"ማንቱዋ የት ነው?" አሉ ሐጂ።

"ጣሊያን።"

ሐጂ ስልካቸውን አወጡና ከመንገዱ ማዶ ለቆመው መኪና ደወሉ፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈቱት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጋሼ ሰይድ ሳይጨርሱላቸው እሺ አሉ። ጣሊያን የሚለውን ሲሰሙ፣ ፈረሶቹ ያሉበት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ሲባሉ፣ ሁለት ትኬት እቆርጣለሁ፣ እኔም አብሬው ሄጄ አያቸዋለሁ፣ የማን እንደሚበልጥ በዓይኔ ልፍረድ አሉ።

ሦስቱም እኔን አዩኝ። የሐጂ አንገት፣ የቀሲስ ነጠላ፣ የዚያ ዝምተኛ ሹፌር ሁለት እጆች፤ ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። ከሬጃይና ድረስ ያመጣሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ወንበሮቹን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁላቸው።

"ቁጭ በሉ" አልኩ።

ቁጭ አሉ። ዮሴፍ ጫማ ሳያደርግ በካልሲው ጋሼ ሰይድን ሊጠራ ወጣ።

ሰኞ፤ ወደ ቤት

ጠዋት ዮሴፍ አጠገቤ ተቀምጦ ለቶሮንቶ ደወለ። አመሰገናቸው፣ በጨዋ አንደበት እምቢ አላቸው፤ እኔም ድምፁን እየሰማሁ ኮራሁ። እትዬ አንድ ካርቶን ሳምቡሳ ለመንገድ ላኩልኝ። ሀይዌዩ ላይ ስወጣ ምንም አልከፈትኩም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አድርጌ ነዳሁ። ሜፕል ክሪክ ጋ ዝናብ መታኝ፣ ስዊፍት ከረንት ስደርስ ጠራ፣ ሳምቡሳውም አለቀ።

ከዚህ መንገድ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ይህን ነው። ስሄድ ይሄን ሁሉ መንገድ የምመክረውን ስደረድር፣ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አልመጣልኝም ነበር። መጠየቁ ደግሞ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሜን ትልቅ ቦታ እንዳየው እድሜዬን ሙሉ ስመኝ ኖሬ፣ ደርሶበት ቁጭ ብሎ ሳገኘው ጋራዥ ነው ብዬ ልነቅለው ነበር።

ቤት ስደርስ ግርማ ሣሩን ያጭዳል። ማሽኑን አጥፍቶ መጣና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። እንዴት ሆነ፣ ቶሮንቶ መቼ ይሄዳል አለኝ።

"አይሄድም። ሽማግሌ መጣብኝ፤ ድሬው መጣሁ።"

ግርማ ሻንጣውን አስቀመጠ። "ምን አልሽ? ለማን?"

"ለካልጋሪ" አልኩት፣ "ልጇን ስትድር እናት ለምን እንደምታለቅስ ዛሬ ገና ገባኝ" ብዬ ትከሻው ላይ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው፣ እሱም ገብቶት ያዘኝ።